ስለ ዲስኩ የተጠራ ምስክር፦ የነጭ ድንክ ከዋክብት የአልትራቫዮሌት መዝገብ

ከጎኑ ካለው ኮከብ ጋዝ እየሳበ የሚኖር ነጭ ድንክ ኮከብ ስላለባቸው ጥንዶች የተጻፈው ማስረጃ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በዓይን፣ በፎቶግራፍ ሳህንና ቆይቶም በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ከምድር ላይ የተመዘገበው ሲሆን፣ ዕድሜው መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ነው፤ ብዙ ሳይቋረጥ የቀጠለም ነው። ሁለተኛው ከከባቢ አየር ውጭ በአልትራቫዮሌት ጨረር የተገኘው ነው፤ ይህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙም የማይዘልል፣ ቁርጥራጭ፣ ሳተላይት በበረረ ጊዜ የሚናገር፣ ሳተላይቱ ሲያርፍ ዝም የሚል መዝገብ ነው። ጥናታችን የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው፤ የምናቀርበውም ክርክር አንድ ነው። የአልትራቫዮሌቱ መዝገብ ዋና ምስክር ሆኖ የተጠራው በነጭ ድንኩ ዙሪያ ስለሚሽከረከረው የጋዝ ዲስክ እንዲናገር ነበር፤ በዚያ ጉዳይ የሰጠው ቃል ግን እስከ ዛሬ ሲያከራክር፣ እምብዛም ስላልተጠየቀበት ስለ ነጭ ድንኩ ራሱ የሰጠው ቃል ከሁሉ የጸና ሆኖ ተገኝቷል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው መዝገብ የሚከፈተው በለንደን ነው። ጆን ራስል ሃይንድ በሪጀንትስ ፓርክ በነበረው የጆርጅ ቢሾፕ የግል ኦብዘርቫቶሪ ትንንሽ ፕላኔቶችን ሲያድን፣ ዲሴምበር 15 ቀን 1855 የእኛ ሊቃውንት ገውዝ በሚሉት የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ቀድሞ ያላየውን 9ኛ የድምቀት ደረጃ ያለው ኮከብ አገኘ፤ ኮከቡም በሳምንታት ውስጥ ደብዝዞ ጠፋ። በተከታዩ ዓመት በማርች ወር ኖርማን ፖግሰን ያንኑ ኮከብ በዚያው ስፍራ ደግሞ ደምቆ አየው። ይህ ሁለተኛው ምስክርነት ባይገኝ ኖሮ፣ ዛሬ ዩ ጌሚኖረም የምንለው ኮከብ አንዴ ታይተው ከጠፉት ኖቫዎች ጋር ተመድቦ ይቀር ነበር ብለን እንገምታለን። በ1896 ሉዊዛ ዌልስ በሃርቫርድ የፎቶግራፍ ሳህኖች ላይ የእርሱን ቢጤ ኤስ ኤስ ሲግኒን አገኘች። በ1911 የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ሲመሠረት፣ መምህራን፣ ሐኪሞችና ጡረተኞች ሳይቀሩ እነዚህን ኮከቦች በየምሽቱ መጠበቅ ጀመሩ። ዩ ጌሚኖረም በየመቶ ቀኑ ገደማ፣ ኤስ ኤስ ሲግኒ ደግሞ በየሰባት ሳምንቱ ገደማ በድንገት በብዙ እጥፍ እንደሚደምቁና ቀስ ብለው ወደ እርጋታቸው እንደሚመለሱ የምናውቀው በእነዚህ ተመልካቾች ትጋት ነው። ድንክ ኖቫ የሚለው ስም የወጣውም ለዚህ ወገን ነው።

ስለ ድምቀቱ ምክንያት ግን መዝገቡ ለመቶ ዓመት ያህል ዝም ብሏል። ዝምታው የተሰበረው በ1950ዎቹ ነው። ሜርል ዎከር በ1934 የፈነዳው ዲ ኪው ሄርኩሊስ የተባለው ኖቫ በየ4 ሰዓት ከ39 ደቂቃው የሚጋረድ ጥንድ መሆኑን በ1954 አሳወቀ፤ አልፍሬድ ጆይ በ1956 ኤስ ኤስ ሲግኒ ከስድስት ሰዓት ተኩል በሚበልጥ ጊዜ እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች መሆኑን አሳየ፤ ሮበርት ክራፍትም በ1960ዎቹ ግኝቱን ወደ መላው ወገን አስፋፋው። ሥዕሉ በአጭሩ ይህ ነው፦ አንዱ ኮከብ ቀዝቀዝ ያለ ቀይ ኮከብ ነው፤ ሌላው ምድርን በሚያህል ግዝፈት ውስጥ የፀሐይን የሚያህል መጠነ ቁስ የተጨመቀበት ነጭ ድንክ ነው፤ የቀዩ ጋዝ በነጩ ስበት እየተጎተተ ይፈስሳል፤ በቀጥታ መውደቅ ስለማይችልም በዙሪያው ዲስክ ሠርቶ ይሽከረከራል።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ጠንከር አድርገን ልንመረምረው ይገባል፤ አንድ ማስረጃ በሁለት አንባቢ እጅ እንዴት ተቃራኒ ቃል እንደሚሰጥ ያሳያልና። ክርዜሚንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ በ1965 ዩ ጌሚኖረም በየ4 ሰዓት ከሩብ ገደማ እንደሚጋረድ አስታወቀ፤ ግርዶሹም ኮከቡ በደመቀ ጊዜ ጥልቀቱ እንደሚቀንስ አስተዋለ። ተጋራጁ ሰማያዊ ኮከብ፣ ማለትም ነጭ ድንኩ፣ ቢሆን ኖሮ የደመቀው፣ ግርዶሹ በጠለቀ ነበር፤ ስለዚህ የደመቀው ጋራጁ ቀይ ኮከብ ነው ሲል ደመደመ። አመክንዮው እንከን አልነበረበትም፤ እንከኑ በመነሻው ላይ ነበር። በ1971 ብራያን ዋርነርና ኤድዋርድ ናዘር በአንድ ወገን፣ ዩዜፍ ስማክ በሌላ ወገን፣ የሚጋረደው ነጭ ድንኩ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የጋዙ ጅረት ከዲስኩ ጠርዝ ጋር የሚጋጭበት ብሩህ ነጥብ መሆኑን አስረዱ። ልኬቱ ያው ነው፤ ትርጉሙ ተገለበጠ። የስሕተቱ ሥር ግን ከአንድ ሰው ጥንቃቄ ማነስ የመጣ አይደለም። በሚታየው ብርሃን ነጭ ድንኩ በዲስኩ፣ በብሩህ ነጥቡና በቀዩ ኮከብ ብርሃን ተውጦ ስለሚቀር፣ የጥንዱ ዋና ባለቤት በመዝገቡ ውስጥ ስሙ እንጂ መልኩ አልነበረም።

መልኩን ለማየት ወደ አጭር የብርሃን ሞገድ መሄድ ያስፈልግ ነበር። ከ10,000 ኬልቪን በላይ የሞቀ አካል ከጨረሩ ከፍተኛውን ድርሻ የሚሰጠው በአልትራቫዮሌት ነው፤ የነጭ ድንኩ ገጽና የዲስኩ ውስጠኛ ክፍል ሁለቱም እንዲህ ያሉ ናቸው። የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የሲሊከን ጠንካራ መስመሮች፣ እንዲሁም ላይማን አልፋ የተባለው የሃይድሮጅን ዋና መስመር፣ በዚሁ ክልል ይገኛሉ። ነገር ግን የሞገድ ርዝመቱ ከ3,000 አንግስትሮም በታች የሆነውን ጨረር የምድር ኦዞን ያስቀረዋል፤ ከ912 አንግስትሮም በታች ያለውን ደግሞ በከዋክብት መካከል የተበተነው ሃይድሮጅን ይመጥጠዋል። የሥራው ሜዳ በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው ጠባብ መስኮት ነው። ላይማን ስፒትዘር ከምድር ውጭ የሚቀመጥ ቴሌስኮፕ ያለውን ጥቅም በ1946 በጽሑፍ ሲዘረዝር ይህን ያውቅ ነበር፤ ቴክኖሎጂው ግን ከሐሳቡ በሃያ ዓመት ዘገየ። በ1968 የመጠቀው ኦ ኤ ኦ 2፣ በ1972 የተከተለው ኮፐርኒከስ፣ በ1974 የመጣውም የኔዘርላንድስ ሳተላይት ኤ ኤን ኤስ መንገዱን ከፈቱ፤ ይሁን እንጂ እንደ ድንክ ኖቫ ያሉ ደብዛዛና ድንገተኛ ኮከቦችን ስፔክትረም በተከታታይ ለመመዝገብ አልተሠሩም።

ጃንዋሪ 26 ቀን 1978 የመጠቀው ዓለም አቀፉ የአልትራቫዮሌት ኤክስፕሎረር፣ በአህጽሮት አይ ዩ ኢ፣ ይህን ክፍተት ሞላ። የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የብሪታንያ የጋራ ሥራ ሲሆን፣ መስታወቱ 45 ሴንቲሜትር ብቻ ነበር። ብልሃቱ በምሕዋሩ ላይ ነው። ሳተላይቱ ከምድር መሽከርከር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ በቀን 16 ሰዓት በሜሪላንድ ከሚገኘው ጎዳርድ፣ 8 ሰዓት ደግሞ በማድሪድ አቅራቢያ ከሚገኘው ቪላፍራንካ ያለማቋረጥ ይመራ ነበር፤ ተመራማሪውም ከመቆጣጠሪያው ክፍል ተቀምጦ ስፔክትረሙ ሲደርስ እያየ ቀጣዩን ይወስናል። አንድ አማተር ተመልካች ኮከብ ደመቀ ብሎ ስልክ ቢደውል፣ ሳተላይቱን በዚያው ቀን ማዞር የሚቻልበት ጊዜ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲሠራ የታቀደው መሣሪያ እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 ድረስ ሠርቶ ከ104,000 በላይ ስፔክትረሞችን ትቶልናል።

መዝገቡን ከመጥቀሳችን በፊት ግን የመዝጋቢውን ጉድለት ማወቅ የአጥኚ ግዴታ ነው። የአይ ዩ ኢ ካሜራዎች እንደ ዘመኑ የቴሌቪዥን ካሜራ የሚሠሩ ቱቦዎች ሲሆኑ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚለዩት የብርሃን ደረጃ 256 ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ብሩሁን መስመር ላለማቃጠል ሲባል ደብዛዛው ይሠዋል፣ ደብዛዛውን ለማትረፍ ሲባልም ብሩሁ ይቃጠላል። ለደካማ ኮከቦች በሚያገለግለው ዝቅተኛ ጥራት መሣሪያው ከ6 እስከ 7 አንግስትሮም ያህል የሚቀራረቡ መስመሮችን አይለይም። ከሁሉ የከፋው የጊዜው ነገር ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር በ82 ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰውን ደብልዩ ዜድ ሳጊታ የተባለ ድንክ ኖቫ በእርጋታው ወቅት ለመመዝገብ መስኮቱን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ መቆየት ግድ ስለሚል፣ የተገኘው ስፔክትረም የዙሩ ሁሉ ድብልቅ ይሆናል። ከ1980ዎቹ ጽሑፎች ውስጥ በጽኑ ቃል የተነገሩትን ድምዳሜዎች ስናነብ ይህን በልባችን መያዝ አለብን።

የመጀመሪያው ያልተጠበቀ ቃል የመጣው ገና በዚያው በ1978 ነው። ሳራ ሂፕና ባልደረቦቿ ኤስ ኤስ ሲግኒን ጨምሮ የጥቂት ሞቃት አካላትን የአይ ዩ ኢ ስፔክትረም ባሳተሙ ጊዜና በተከታዮቹ ዓመታት፣ በደመቁ ድንክ ኖቫዎችና ሁልጊዜ ደምቀው በሚኖሩት ዘመዶቻቸው ላይ የካርቦን መስመር በ1,550 አንግስትሮም አካባቢ ወደ አጭር ሞገድ የተሳበ ጥቁር ሸለቆ እንዳለው ታየ። እንዲህ ያለ ቅርጽ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ጋዝ ወደ እኛ እየነፈሰ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ በመሆኑ፣ ከነጭ ድንኩ ስበት ለማምለጥ ከሚያስፈልገው ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ነፋሱ የሚነሣው ከጥንዱ እምብርት ነው። የጋዝ መውደቅን ለማጥናት የተላከው መሣሪያ መጀመሪያ ያየው የጋዝ መውጣትን ሆነ። ኮርዶቫና ሜሰን፣ ግሪንስታይንና ኦክ፣ በሃይደልበርግም ክላሬና ክራውተር በ1980ዎቹ መባቻ ማስረጃውን አበዙት፤ ፍራንክ ቬርቡንትና ኮንስታንዜ ላ ዱስም ስፔክትረሞቹን ሰብስበው ሲያወዳድሩ፣ ዲስኩን ከላይ በምናይባቸው ጥንዶች መስመሩ ጥቁር፣ በጎኑ በምናይባቸው ግን ብሩህ እንደሆነ ተረጋገጠ። ይህም ነፋሱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደማይነፍስና ከዲስኩ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚወጣ አመለከተ። የነፋሱ መኖር ከዚያ ወዲህ አላከራከረም፤ ምን እንደሚገፋው ግን ያከራክራል።

ስለ ዲስኩ የተጠየቀው ዋና ጥያቄ ሌላ ነበር። ከሻኩራና ከሱንያዬቭ የ1973 ሥራ ወዲህ ዲስኩ ከጠርዙ እስከ እምብርቱ እንዴት እንደሚሞቅ ሞዴሉ በቁጥር ይተነብያል፤ ስፔክትረሙን ለክቶ ከትንበያው ጋር ማመሳከር ብቻ የቀረ ይመስል ነበር። አልሆነም። ሪቻርድ ዌድ በ1988 ዘወትር የሚደምቁትን ጥንዶች በሁለት ዓይነት ስሌት ሞከራቸው። በአንዱ የዲስኩን ቀለበቶች እንደ ፍጹም ጥቁር አካላት፣ በሌላው እንደ ከዋክብት ከባቢ አየር ቆጠራቸው፤ በሁለቱም ቀለሙ ሲገጥም ድምቀቱ፣ ድምቀቱ ሲገጥም ቀለሙ ይስታል። ኋላ የመጡት በግርዶሽ ዲስኩን የሚስሉ ጥናቶችም የአንዳንዶቹ ውስጠኛ ክፍል ከሚገባው በላይ ቀዝቃዛ መሆኑን አገኙ። ከዚህ ጋር ሁለተኛ ጉድለት ተያይዟል። ጋዙ ወደ ኮከቡ ገጽ ሲደርስ በሰከንድ ሺሕ ኪሎ ሜትሮች ከሚደርሰው ፍጥነቱ መቆም ስላለበት፣ የሚወድቅበት ጉልበት ግማሽ ያህሉ በዚያች ቀጭን የድንበር ንብርብር ላይ መለቀቅ ነበረበት፤ ጋሪ ፈርላንድና ባልደረቦቹ በ1982 እንዳመለከቱት ግን ይህ ግማሽ በሚጠበቀው ልክ አይገኝም። የሞዴሉ ተከላካዮች የጎደለው ጨረር ከ912 አንግስትሮም በታች ካለው ግድግዳ ጀርባ ተሰውሯል ሊሉ ይችላሉ፤ ወይም ነጭ ድንኩ ራሱ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሽከረከር ጋዙ ብዙ መቆም አያስፈልገውም ሊሉ ይችላሉ። ሁለተኛው ማምለጫ ሊፈተን የሚችል ነበር፤ መፈተኛው ግን ገና አልተሠራም ነበር።

በዚህ መካከል የድምቀቱ ምክንያት ክርክር ወደ ፍጻሜው የተቃረበ የሚመስልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ጄፍሪ ባት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ድምቀቱ ቀዩ ኮከብ በየጊዜው ጋዝ ሲለቅ የሚመጣ ነው ሲል፣ ዮጂ ኦሳኪ በ1974 ጋዙ በእኩል መጠን እየመጣ በዲስኩ ውስጥ ተጠራቅሞ በአንዴ ወደ ውስጥ ይወርዳል አለ። የኦሳኪ ሐሳብ አካላዊ ምክንያት ይጎድለው ነበር፤ ሆሺ በ1979፣ የሜየር ባልና ሚስት ደግሞ በ1981፣ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮኑን በሚያጣበት የሙቀት ክልል ዲስኩ ረግቶ መኖር እንደማይችል ሲያሳዩ ምክንያቱ ተገኘ። አልትራቫዮሌቱ በዳኝነት የተጠራው ያን ጊዜ ነው። ቪ ደብልዩ ሃይድሪ የተባለችው የደቡብ ሰማይ ኮከብ ስትደምቅ፣ የአልትራቫዮሌቷ ብርሃን ከሚታየው ብርሃን ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ዘግይቶ እንደሚነሣ ታወቀ። ሮናልድ ፖሊደንና ጄይ ሆልበርግ በ1984 ያንኑ መዘግየት በኤስ ኤስ ሲግኒ ላይ ያሳዩት ደግሞ ማንም ባላሰበው መሣሪያ ነበር፤ ወደ ሳተርንና ከዚያም ወዲያ የተላከችው ቮየጀር የያዘችው ስፔክትሮሜትር አይ ዩ ኢ የማይደርስበትን ከ1,150 አንግስትሮም በታች ያለውን ክልል ያይ ነበርና።

መዘግየቱ የሁለቱንም ወገን ጠባይ ይፈትናል። ድምቀቱ ከቀዝቃዛው ውጫዊ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ከተጓዘ፣ የሚታየው ብርሃን ቀድሞ አልትራቫዮሌቱ ይከተላል፤ እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ይስማማሉ። ጥያቄው በምን ያህል ይዘገያል የሚለው ነው። በ1986 ፕሪንግል፣ ቬርቡንትና ዌድ በሠሩት ስሌት የዲስክ አለመርጋት ሞዴሉ ይህን ያህል መዘግየት ለማስገኘት ይቸገራል፤ የሙቀቱ ግንባር በዲስኩ ውስጥ ፈጥኖ ያልፋልና። በዚያው ዓመት ካኒዞ፣ ዊለርና ፖሊደን ከሌላ መነሻ ተነሥተው ሞዴሉ መዘግየቱን ይሸከማል አሉ። ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ማስረጃ ላይ ተቃራኒ ፍርድ መስጠታቸውን ስንመዝን፣ ልዩነቱ ያለው ዲስኩ በእርጋታው ወቅት ምን እንደሚመስል በተወሰደው ግምት ላይ መሆኑን እንረዳለን። ሊቪዮና ፕሪንግል በ1992፣ ሜየርና ሜየር ሆፍማይስተርም በ1994፣ በእርጋታ ወቅት የዲስኩ እምብርት ባዶ ነው በማለት መካከለኛ መንገድ አቀረቡ፤ ለፊተኞቹ ባዶ ያደረገው የነጭ ድንኩ መግነጢሳዊ መስክ ነው፣ ለኋለኞቹ የጋዙ መትነን ነው። እምብርቱ እስኪሞላ ድረስ አልትራቫዮሌቱ ይጠብቃል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ወደ ዲስክ ሞዴሉ ያጋደሉትም በዚህ መልክ ነው፤ በእኛ ግምት ግን መዘግየቱ የሞዴሉን ትክክለኛነት ከማረጋገጥ ይልቅ ሞዴሉ እንዲሻሻል አስገድዷል፤ እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ጉዳዩ ምን ያህል በቀላሉ ሊናጋ እንደሚችል የርቀት ክርክሩ ያሳያል። በ1999 በሃብል ቴሌስኮፕ የአቅጣጫ መጠበቂያ መሣሪያ የተለካው የኤስ ኤስ ሲግኒ ርቀት 166 ፓርሴክ፣ ማለትም ከ540 የብርሃን ዓመት የማያንስ ሆነ። እንዲያ ከሆነ ኮከቡ ከታሰበው እጅግ የበለጠ ብሩህ ነው፤ በዚያ ድምቀት ደግሞ ዲስኩ ረግቶ መኖር ነበረበት፣ ድንክ ኖቫ መሆንም ባልተገባው ነበር። የሞዴሉ ደጋፊዎች ከአሥር ዓመት በላይ ከዚህ ልኬት ጋር ሲታገሉ ኖሩ። በ2013 ሚለር ጆንስና ባልደረቦቹ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ለክተው 114 ፓርሴክ አገኙ፤ የጋያ ሳተላይትም ኋላ ይህን ደገፈ። ከአሥር ዓመት በላይ የተከሰሰው ንድፈ ሐሳብ በመጨረሻ ነጻ የወጣው ከሳሹ ልኬት ሲወድቅ ነው።

አሁን ወደ ነጭ ድንኩ እንመለስ። በ1984 ማቴዎና ፓውላ ሽኮዲ ቪ ደብልዩ ሃይድሪ በረጋችበት ወቅት በተወሰደ የአይ ዩ ኢ ስፔክትረም ላይ ሰፊውን የላይማን አልፋ ሸለቆ አነበቡት፤ እንዲህ ያለ ስፋት የሚሰጠው ከፍተኛ ስበት ያለው ገጽ ነውና፣ ሙቀቱ 18,000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ድንክ ነው አሉ። በዚያው ዓመት ፓኔክና ሆልም በዩ ጌሚኖረም ላይ 30,000 ኬልቪን የሆነ ነጭ ድንክ አገኙ። ሃይንድ ካየው ከ129 ዓመት በኋላ የጥንዱ ባለቤት ፊቱ ታየ ማለት ነው። ነገር ግን በዲሴምበር 1990 በኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ የበረረው የሆፕኪንስ አልትራቫዮሌት ቴሌስኮፕ ዩ ጌሚኖረምን ሲመለከት፣ ኖክስ ሎንግና ባልደረቦቹ ያገኙት ሙቀት 38,000 ኬልቪን ነበር። የ8,000 ዲግሪ ልዩነት በልኬት ስሕተት የሚሸፈን አይደለም። ሁለቱን ምንጮች ስናስማማ የምናገኘው ፍንጭ በቀናቸው ላይ ነው፤ የሆፕኪንሱ ልኬት የተወሰደው ከድምቀት በኋላ ብዙ ሳይቆይ ነበር። ኪፕሊንገር፣ ኤድዋርድ ሲዮንና ሽኮዲ በ1991 ከአይ ዩ ኢ መዝገብ የአልትራቫዮሌቱ ብርሃን በእርጋታ ወቅት ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ አሳይተው ነበርና፣ ሃብል በ1990ዎቹ ጥርጣሬውን ዘጋው፦ ከድምቀቱ 13 ቀን በኋላ 39,000 ኬልቪን ገደማ የነበረው ገጽ፣ በ70 ቀን ወደ 32,000 ገደማ ወርዷል። ሁለቱም ምንጮች እውነት ተናግረዋል፤ የተለወጠው ኮከቡ ነው። ለዲስክ ሞዴሉ ግን ይህ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፤ በእርጋታ ወቅት ጋዙ በዲስኩ እየተጠራቀመ ድምቀቱ መጨመር ሲገባው፣ የሚታየው መቀነስ የነጭ ድንኩ መቀዝቀዝ ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ እንደ ዲስክ ብርሃን የተነበበው ከፊሉ የኮከብ ብርሃን ነበር።

ሙቀቱ በነጭ ድንኩ ገጽ የት እንደሚቀመጥ ግን ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ። አንዳንዶች ገጹ ሁሉ እኩል ይሞቃል ሲሉ፣ ሌሎች ኪፐንሃንና ቶማስ በ1978 እንደተነበዩት በወገቡ ላይ የሚፈጥን ሞቃት መቀነት አለ ይላሉ፤ በዝቅተኛ ጥራት የተወሰደ ስፔክትረም ለሁለቱም ይመቻል።

የመሽከርከሩ ጉዳይ ግን ፍርድ አገኘ። በ1990 የመጠቀው ሃብል ከቪ ደብልዩ ሃይድሪ ያገኘው የሲሊከን መስመር ስፋት፣ ሲዮንና ባልደረቦቹ በ1995 እንዳተሙት፣ በሰከንድ 600 ኪሎ ሜትር ያህል መሽከርከርን ያመለክታል፤ የዩ ጌሚኖረም ነጭ ድንክ ከ100 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ነው። ጋዙ ወደ ገጹ ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ የድንበር ንብርብሩን ጉድለት በፈጣን መሽከርከር ማስረዳት ከዚያ ወዲያ አልተቻለም። የሚገርመው ይህ ማስረጃ ሌላ ጥያቄ ወለደ፤ ለረጅም ዘመን ከዲስክ ጋዝ ሲቀበል የኖረ ኮከብ በፍጥነት መሽከርከር ነበረበት፤ ለምን ያን ያህል ዘገየ? በኖቫ ፍንዳታ ጊዜ የሚጣለው ንብርብር ሽክርክሪቱን ይዞ ይሄዳል የሚል መልስ ቀርቧል።

የደብልዩ ዜድ ሳጊታ ምዕራፍ ከሁሉ የተሟላ ሰነድ ያለበት ነው። ኮከቡ በ1913፣ በ1946ና በ1978 ደምቆ ስለነበር፣ በ33 ዓመት ልዩነት የሚመለስ መስሎ በ2011 አካባቢ ይጠበቅ ነበር፤ ጃፓናዊው አማተር ቶሞሂቶ ኦሺማ ጁላይ 23 ቀን 2001 ደምቆ አገኘው። ሃብልና በ1999 የመጠቀው ፊዩዝ ሳተላይት ወዲያው ተዘጋጅተው ተከታተሉት። ዲስኩ ሲከስም የነጭ ድንኩ ገጽ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከ23,000 ኬልቪን በላይ ሞቆ ታየ፤ በ2003 መጀመሪያ ግን ወደ 16,000 ኬልቪን ቀዝቅዞ ነበር፤ የቀድሞው እርጋታው 15,000 ያህል ነበር። አንድ ነጭ ድንክ ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንዲህ በተከታታይ መከታተል ብርቅ ነው፤ የሙቀቱ አወራረድ በድምቀቱ ጊዜ ስንት ጋዝ እንደወደቀ ለማስላት ያገለግላልና።

የኬሚስትሪው ማስረጃ በብዙዎች ዘንድ እንደ ተጓዳኝ ሲታይ ቆይቷል፤ እኛ ግን ክብደት እንሰጠዋለን። ኤ ኢ አኳሪ የተባለችው ጥንድ ናይትሮጅኗ እጅግ ጠንካራ፣ ካርቦኗ ደግሞ ደካማ መሆኑን አይ ዩ ኢ በ1980 ገደማ አመልክቶ ነበር። ቦሪስ ጌንሲከና ባልደረቦቹ በ2003 በሃብል ተመሳሳይ ጥንዶችን ሲያክሉ፣ ከመላው ወገን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገመቱ። ናይትሮጅን የሚበዛው በኮከብ ማህፀን ሃይድሮጅን ሲቃጠል ካርቦኑ ወደ ናይትሮጅን ስለሚለወጥ ነውና፣ የዛሬው ትንሽ ቀይ ኮከብ ቀድሞ ከነጭ ድንኩ የሚበልጥ ግዙፍ ኮከብ ነበር፣ ውጫዊው ልብሱ ተገፎ ውስጡ ቀርቷል ማለት ነው። የጥንዱ የቀድሞ ታሪክ በአንድ የመስመር ጥምርታ ተጽፎ ተገኘ።

በ2009 በሃብል ላይ የተገጠመው ኮስ የተባለው ስፔክትሮግራፍ ጥያቄውን ከአንድ ኮከብ ወደ ብዙ አሻገረው። የዚህ ምክንያት ቀደም ብሎ በ2003 ዲን ታውንስሊና ላርስ ቢልድስተን ያቀረቡት ስሌት ነው፤ በነጭ ድንኩ ላይ የሚጫነው ጋዝ ውስጡን እየጨመቀ ስለሚያሞቀው፣ በእርጋታ የሚለካው ሙቀቱ ጋዙ ባለፉት ብዙ ሺሕ ዓመታት በአማካይ በምን ፍጥነት እንደወደቀ ይናገራል። በየወሩ የሚደምቀውና የሚደበዝዘው ዲስክ ይህን ሊነግረን አይችልም። አና ፓላና ባልደረቦቿ በ2017 ያሳተሙት ጥናት 45 ጥንዶችን መርምሮ በ36ቱ ነጭ ድንኩን ለየ። ዙራቸው ከሁለት ሰዓት በታች የሆኑት በአማካይ 15,000፣ ከሦስት ሰዓት በላይ የሆኑት 23,000 ኬልቪን ገደማ ሆኑ፤ ይህ በጠቅላላው ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ይሄዳል። ነገር ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ዙር ላላቸው የመላውን ወገን ዝግመተ ለውጥ የሚያሰሉት ሞዴሎች ከ38,000 እስከ 43,000 ኬልቪን ሲተነብዩ፣ አዲሶቹ ልኬቶች በሙሉ ከ16,000 እስከ 26,000 ባለው ውስጥ ወደቁ፤ በአጭሩ ዙር ጫፍ ያሉትም ሞዴሉ ካሰመረላቸው ጠባብ መስመር ወጥተው ተበትነዋል። ቀያዮቹ ኮከቦች ጋዝ የሚለቁበት ፍጥነት በረጅም ዘመን ከፍና ዝቅ ይል ይሆናል፤ ወይም ምሕዋሩን የሚያጠበው የመግነጢሳዊ ብሬክ ሕግ ከተጻፈለት ይልቅ ደካማ ነው። ባለው ማስረጃ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ለመለየትም ረጅም ዙር ያላቸውን ጥንዶች ነጭ ድንክ፣ ዲስኩ በበቂ ሁኔታ በሚደበዝዝባቸው ጥቂት ወቅቶች እየጠበቁ፣ አንድ በአንድ መለካት ያስፈልጋል።